አስከሬን ክፍል ውስጥ ጣታቸውን የተወጉት ጋሼ

የምሰራው አስከሬን ምርመራ ክፍል ነው፣ ፖሊስ የሚያመጣው ሬሳ ሁሉ እኛ ጋ ነው የሚከፈተው፣ የመኪና አደጋ በሉት ድብድብ በሉት መንገድ ላይ ሞቶ የተገኘ በሉት፣ ሰውየው ስሙ እንኳን ሳይታወቅ ይመጣል፣ የፖሊሱ ደብዳቤ ላይ ደግሞ ኤችአይቪ አለበት የለበትም የሚል ነገር የለም።

አንድ ቀን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ባልደረባችን ደረት ከፍተው ሳንባ ሊያወጡ ሲሉ የተቆረጠው የጎድን አጥንት ጫፍ ጓንታቸውን በስቶ ጣታቸውን ወጋቸው። (እኛ ስራ ላይ ሁሉም የሚፈራው ቢላውን ነው፣ አጥንቱ ግን ሳይታሰብ ነው የሚገባው።) ወዲያው ደሙን መጭመቅ ጀመሩ፣ በረኪና አምጡልኝ አሉ። ኧረ ጋሼ አይጭመቁት፣ በረኪናም ቁስሉን ይጎዳዋል፣ በሳሙናና በውሃ ብቻ ይታጠቡ ብዬ ቧንቧው ጋ ወሰድኳቸው። "ተወኝ ልጄ፣ ሰውዬው ከሞተ ቆየ እኮ፣ በሽታውም አብሮት ሞቷል" አሉኝ።

ይሄን የሚያምን ስንት ባለሙያ አለ መሰላችሁ! ፍሪጅ ውስጥ ከቆየ ሬሳ ላይ ከ2 ሳምንት በኋላም ሕያው የኤችአይቪ ቫይረስ ተገኝቷል። እርግጥ ኤችአይቪ ያለበት ደም በነካው መርፌ ከተወጉ 1000 ሰዎች የሚያዙት 3 ገደማ ናቸው፣ ግን ከሶስቱ አንዱ ማን እንደሚሆን ማን ያውቃል፣ መከላከያው መድሃኒት ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ ዋጋ የለውም፣ በሰዓታት ውስጥ ቢሆንማ እንዴት ጥሩ።

የጀመርነውን ለሌላ ሰው አስረክበን ኤአርቲ ክሊኒክ፣ የኤችአይቪ መድሃኒት የሚሰጥበት ክፍል ማለት ነው፣ ሄድን። በር ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፣ ሰው ያየኛል ብለው ነው፣ ከበሽታው ይልቅ ባለቤታቸው ኪኒኑን አይታ ምን ትላለች የሚለው ነበር ያስጨነቃቸው። ሲስተሯ እግዜር ይስጣት አስቀምጣ አነጋገረቻቸው፣ መጀመሪያ የራሳቸው ደም ተመረመረ፣ ነፃ ናቸው፣ ኪኒኑን እዛው ዋጡ፣ በነጋታው ባለቤታቸውን ይዘው መጥተው አብረው ምክር ተቀበሉ። ኪኒኑ የሚዋጥበትን 28 ቀን አንድም ሳያጓድሉ ጨረሱ፣ ማቅለሽለሽ ነበረው ግን ቻሉት፣ ከ3 ወር በኋላም ሲመረመሩ ነፃ ሆኑ።

አሁን ክፍላችን ውስጥ የተወጋ ሰው አይደብቅም፣ ጋሼ ራሳቸው ናቸው ይዘው የሚሄዱት። ጉበት የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ክትባት ላይ ግን ገና ነን፣ እሱ ካልተከተበ ሰው ላይ ከኤችአይቪ በብዙ እጥፍ ነው በመርፌ የሚተላለፈው፣ ክትባቱ እያለ ዛሬ ነገ የሚሉ ልጆች አሉ፣ እነሱን እየጨቀጨቅኩ ነው።