አባት የማይፈልግ ዘር

የብርቱካን ፍሬ አፈር ውስጥ የቀበረ ሰው አንዳንዴ ከአንዲት ፍሬ ሁለት ሦስት ቡቃያ ሲወጣ ያያል። ከእነዚህ መካከል አባት የሌላቸው፣ ቁርጥ እናታቸውን የሚሆኑ አሉ። በብሪታንያ ገደላማ ተራሮች ላይ ደግሞ ይህን ዓይነቱን መራባት ዋና ኑሯቸው ያደረጉ ቢጫ አበቦች ይበቅላሉ። ስማቸው ሂየራሲየም ነው። በብሪታንያና በአየርላንድ ከ400 በላይ ዓይነቶች የተለዩ ሲሆን አብዛኞቹ ከዚያ ሌላ የትም አይገኙም።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ አንድ ምላጭ ይበቃዋል። ያልፈነዳውን እምቡጥ ጫፉን አግድም ይቁረጡት። የወንዴውም የሴቴውም አካል ጫፍ አብሮ ይወድቃል፤ ከሥር ዘር የሚሆነው ክፍል ብቻ ይቀራል። ያ የተገመሰ እምቡጥ ብናኝ ሳይነካው የሞላ ጥቁር ዘር ይሰጣል። ኦስተንፌልድና ራውንኪየር የተባሉ የዴንማርክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1903 ያሳዩት ይህንኑ ነው። በአተር የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው ሳይንቲስት ሜንዴል ከዚያ ወደዚህ አበባ ዞሮ ውጤቱ አልገጥም ያለውም ለዚህ ነበር።

ስለዚህ ብቻዋን የቀረች አንዲት ተክልም ተስፋ አላት። እ.ኤ.አ. ከ1953 ወዲህ ያልታየውና ጠፋ የተባለው የሰሜን ዌልሱ ሂየራሲየም ስኖውዶኒየንስ፣ የበግ ግጦሽ ከቀነሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 ተገኝቷል። በግ ሁልጊዜ ተክሉን አይገድልም፤ የአበባውን አገዳ ነው የሚቀነጥበው። ሥሩ ለዓመታት ቢቆይም ዘር ሳይጥል ያረጃል። እኛ የምንመክረው ከግንቦት እስከ ነሐሴ በጎቹን ማራቅና በመኸር መመለስ ነው። ጨርሶ ከታጠረ ቁጥቋጦው ይነሳና ብርሃን ይከለክለዋል፤ ብዙ አጥሮች የሚያጠፉት በዚህ ነው።

ዘር ለመልቀም መጀመሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል። የአበባው ራስ ተከፍቶ ነጩ ለስላሳ ጸጉር ሲበተን ጥቁሩን፣ በጣት ሲጫኑት የማይሰባበረውን ይውሰዱ። የገረጣና ጠፍጣፋ የሆነው ባዶ ነው። በአንድ ቀን ከበሰለው ከ20 በመቶ በላይ አይነካም። የእያንዳንዷ እናት ዘር ለብቻው በወረቀት ፖስታ ይቀመጥ፤ በፕላስቲክ ከታፈነ ይሻግታል። ለዘር ባንክ ከሆነ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስና በ15 በመቶ የአየር እርጥበት ደርቆ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል።

ለመዝራት ግማሽ ኮምፖስትና ግማሽ ጠጠራማ አሸዋ ይበቃል። ዘሩን ከላይ ነስንሰው በስሱ ጠጠር ያልብሱት፤ ጠልቆ ከተቀበረ አይወጣም። ውኃ ከታች በኩል ይጠጣ። ከላይ እየፈሰሰ መሃሉ ላይ ከተኛ ቡቃያው ከአንገቱ ይበሰብሳል። ቀንድ አውጣም በአንድ ሌሊት ሊጨርሰው ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራን ግን መቀላቀል ነው። ሌሎች አበቦችን የሚያባዛ ሰው የባዕድ ብናኝ እንዳይገባ መረብ ይዘረጋል። እዚህ ብናኙ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ዘሩ ነው። ነፋስ ከጎን ካለው ሂየራሲየም አንድ ዘር አምጥቶ ማሰሮው ላይ ቢጥል፣ ቡቃያዎቹ ስለሚመሳሰሉ እስኪያብቡ ድረስ ማንም አይለያቸውም። አንዳንዴም ልዩነቱ በአበባው ሥር ባሉት ጥቃቅን ጸጉሮች ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አንድ ዓይነት ብቻ ይኑር፣ በአካባቢው የበቀለው ሌላ ሂየራሲየም ዘሩ ሳይበስል የአበባው ራስ ይቀንጠስ፣ ስሙም በእርሳስ ተጽፎ በማሰሮው ውስጥም ውጭም ይደረግ።

ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ አንዱን የሚጥል በሽታ ሌላውንም ይጥላል። የተባዛው ቢያንስ በሁለት ቦታ መያዝ ያለበት ለዚህ ነው። ወደ ተራራው ሲመለስም ዘሩ ወደተለቀመበት ገደል ብቻ፣ በመኸር፣ ሥሩ ስንጥቁን ሞልቶ እንዲይዝ ገና ትንሽ ሳለ ይተከላል። ትልቁን ከተከሉት የክረምቱ ውርጭ አፈሩን ሲያነሳ አብሮ ይነቅለዋል።