በአፍ የሚተኮስ

ታኅሣሥ 21፣ ማታ።

እህቴና ልጇ ተኝተዋል። ከትናንት ወዲያ ከቁሉቢ ስለተመለስን ቤቱ አሁንም ጧፍ ጧፍ ይሸታል። ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ድሬም ለወጉ ያህል በረድ ብላለች፤ ጎረቤቶቼ ሹራብ ለብሰው ሳይ ሳቄ ይመጣል።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። እህቴ ከካሊፎርኒያ ደወለች። ለገብርኤል ስለት አለባት፣ ትኬት ቆርጣለች፣ ልጇንም ይዛ ትመጣለች። ስልኩን ልንዘጋ ስንል እንደ ዘበት «አንድ ነገር አሠርተህ ጠብቀኝ» አለችኝ።

«ምን?»

«የእንጨት ጠመንጃ። እንደ ድሮው።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ድሮ ያለችው 1992ን ነው። አሜሪካ ከሄደች በኋላ መጀመሪያ የመጣችበት ዓመት። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የሰው እህት ከውጭ ስትመጣ ጫማ ታመጣለች፣ ቸኮሌት ታመጣለች። የኔዋ ጠመንጃ ይዛ መጣች። ዲዝኒላንድ ከሚባለው የካሊፎርኒያ መዝናኛ ፓርክ የገዛችው። ሰደፉ ቡናማ እንጨት፣ አፈሙዙ ቆርቆሮ፣ ጫፉ ብርቱካንማ ቀለም የተቀባ። ምላጩን ስትስበው «ቀጭ» ይላል። ሌላ ሥራ የለውም።

የኛ ጠመንጃ የሚሠራው ከተገኘው ነገር ነበር። የሳጥን ጣውላ፣ የተሰበረ ወንበር እግር፣ የግራር ቅርንጫፍ። ማንገቻው የጆንያ ገመድ ነው። ስም ግን ነበራቸው፤ ምንሽር፣ አልቤን፣ ክላሽ። ክላሽ ለመባል ሆዱ ላይ ጎባጣ ነገር በሚስማር መመታት አለበት። ቀጥ ያለ ጣውላ ይዞ መጥቶ «ክላሽ ነው» የሚል ልጅ መሳቂያ ይሆናል። የጦር ሜዳችን ደቻቱ ነው፤ ውሃ የሌለበት ወንዝ፣ አሸዋው እግር የሚያቃጥል። ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ ደቻቱን እንደ ሜዳ ማየት ከብዶኛል፤ ያኔ ግን ለኛ ሜዳ ብቻ ነበር።

ተኩሱ በአፍ ነው። የእያንዳንዱ ልጅ ድምፅ ይለያል። አንዱ «ጧ!» ይላል። አንዱ «ዱዱዱዱ» ይላል፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ። የፊት ጥርሶቹ የወለቁ አንድ ልጅ ነበር፤ እሱ ሲተኩስ ጥይቱ ባይነካህም ምራቁ አይስትህም። ዋናው ጨዋታ ግን ተኩሱ አልነበረም። ክርክሩ ነው።

«ሞተሃል!»

«አልሞትኩም፣ ስተኸኛል!»

«ደረትህን ነው ያገኘሁህ!»

«ግንቡ ጀርባ ነበርኩ አቦ!»

ከሰዓቱ ግማሹ በዚህ ያልቃል። ምስክር ይጠራል፣ የቆሙበት ቦታ በእርምጃ ይለካል፣ በመጨረሻ አንዱ «እሺ ቆስያለሁ» ይልና በአንድ እግሩ እየዘለለ ይቀጥላል። መቁሰል ትልቅ ስምምነት ነበር።

የአሜሪካ ጠመንጃዬን ይዤ የወጣሁ ቀን ንጉሥ ሆንኩ። ሁሉም ነካው፣ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ «ቀጭ» አደረገው። ግን ድምፅ አለኝ ብዬ አፌን ዘጋሁ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል «ቀጭ» ማን ይሰማል? እተኩሳለሁ፣ ማንም አይሞትም። በሦስተኛው ቀን ተሰብስበው ፈረዱብኝ፤ «ያንተ አይሰማም፣ ወይ ጩህ ወይ ውጣ።» ዲዝኒላንድን ያህል ጠመንጃ ይዤ «ጧ» እያልኩ ቀጠልኩ።

ብዙም አልቆየ። አሸዋ ገብቶበት አፈሙዙ ወለቀ። ይዤው ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ የምድር ባቡር አናጢ ነበሩ፤ ማታ ማታ ደግሞ ግቢያቸው ውስጥ የሰፈሩን ወንበርና ቁም ሣጥን ይጠግናሉ። ጠመንጃዬን ሞርሳ ላይ አሰሩት። ዞር አድርገው አዩት፣ ገለበጡት፣ አሸተቱት። «ይሄን ነው በአውሮፕላን ጭነው ያመጡት?» አሉ። ከዚያ ጣውላ ላይ አስተኝተው ከጆሯቸው ባወጡት እርሳስ ዙሪያውን ነደፉት።

በዚያው ሳምንት አምስት ወጣ። በመጋዝ ተቆርጦ፣ በሞረድ ተስተካክሎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተሽቶ። ዋጋው ሁለት ብር ነው፤ ብር የሌለው ሰጋቱራ ይጠርግላቸዋል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሰፈራችን ልጅ ሁሉ የዲዝኒላንድን ቅርጽ ተሸክሞ ደቻቱ ውስጥ ይሮጥ ነበር። ከየት እንደመጣ የሚያውቀው አልነበረም። «የጋሼ ጠመንጃ» ነው የሚባለው።

እህቴ የፈለገችው እሱን ነው። ምክንያቷንም በሁለተኛው ስልክ ነገረችኝ። ባለፈው ክረምት ልጇን ይዛ ዲዝኒላንድ ሄዳ ነበር፤ ስምንት ዓመቱ ነው። ፍሮንቲርላንድ የሚባል፣ የድሮውን የካውቦይ አሜሪካ አስመስለው የሠሩት ሰፈር አለ፤ ፓርኩ ሐምሌ 1947 ከተከፈተ ጀምሮ የነበረ። ሱቁ ገብታ ፈለገች። ባርኔጣው አለ። ሌላው ኮተት ሁሉ አለ። ጠመንጃ የለም። ስትጠይቅ «መሸጥ ካቆምን ቆየን» አሏት።

እውነትም ቆይቷል። ታኅሣሥ 2008 ነው የቆመው። በዚያ ኅዳር ፓሪስ ላይ፣ ቀጥሎም ከፓርኩ ብዙ በማይርቀው ሳን በርናርዲኖ በታጣቂዎች ጥቃት ሰው አልቆ ነበር። ዲዝኒ በሩ ላይ የብረት መፈተሻ አቆመ፣ የአሻንጉሊት ጠመንጃ መሸጥ ተወ፣ ይዞ መግባትም ከለከለ። የውሃ ሽጉጥ እንኳ አልተረፈም። የሚበራው ሰይፍ ግን ይሸጣል። እህቴ በዚህ በዚህ ትናደዳለች፤ «ሰይፍ ሰው አይገድልም ያላቸው ማነው?» ትላለች።

እኔ ግን ሌላ ነገር ጠየቅኳት። እዚያ ሰፈራችሁ ቢኖረው ይዞት ይወጣ ነበር ወይ? ዝም አለች። ከዚያ «አላብድም» አለች። ኅዳር 2007 ክሊቭላንድ የሆነውን ረስታው አታውቅም። አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ጥቁር፣ መናፈሻ ውስጥ በአሻንጉሊት ሽጉጥ ሲጫወት ፖሊስ ደርሶ በሰከንዶች ውስጥ መታው፤ በማግሥቱ ሞተ። ሽጉጡ ቁርጥ እውነተኛውን የሚመስል ዓይነት ነበር፤ በ1981 የወጣው ሕጋቸው የሚጠይቀው ብርቱካንማ ጫፍም አልነበረበትም። «ለዚህ ነው እዚያ እንዲኖረው የምፈልገው» አለች እህቴ። «ድሬ ይጫወትበት። ሰፈራችን ውስጥ ማን ምን ይለዋል?»

በልቤ የእንጨት ጠመንጃ ተበደለ እያልኩ ነበር። ከአሥር ሺዎች ጋር በር ላይ የሚታገል ዘበኛ ይሄ እንጨት ነው፣ ይሄ ብረት ነው እያለ ሊመራመር አይችልም፤ ይገባኛል። ግን ሰው የሚያሳስተው ላስቲኩ ነው፣ ዕዳውን የከፈለው እንጨቱ። እንጨት ከሃምሳ ሜትርም እንጨት ነው፣ ከአምስት ሜትርም እንጨት ነው። ማንን አታሎ ያውቃል? ይሄን ክርክር አሳምሬ ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ።

ጋሼ አሁን ሰባ ሊሞላቸው ነው። ሞርሳው አለ፣ መላጊያው አለ፣ ሰጋቱራው ቀንሷል። የፈለግኩትን ስነግራቸው መጀመሪያ ያልሰሙ መሰሉ። ደገምኩላቸው።

«አቦ ሌላ ነገር ጠይቀኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ ያኔ እኮ ለኛ...»

«ያኔ ሌላ ነው።» ሻይ አስመጡልኝ። ከዚያ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን አወሩ። በ1969 ወጣት ነበሩ። ጦርነቱ ነሐሴ ላይ ድሬ ጫፍ ሳይደርስ በፊት ሥልጠና ገብተዋል፤ መጀመሪያ የተሰጣቸው እንጨት ነበር። «ሦስት ሳምንት እንጨት አንግቤ ሮጥኩ። እንጨት አነጣጠርኩ። እንጨት ጸዳ ወይ ተብዬ ተፈተሽኩ። አራተኛው ሳምንት ላይ እውነተኛውን ሰጡኝ። ክብደቱ ጨመረ እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር አልመሰለኝም። ያልመሰለኝ ነገር ነው የጎዳኝ።» እዚህ ላይ ቆሙ። አልጠየቅኩም።

«ታዲያ ለኛ ለምን ሠሩልን?»

«ለቅማችሁ ለምትሠሩት ሚስማር ፈርቼ ነዋ! ዓይናችሁን ልታወጡ!»

ያቆሙበት ምክንያት ግን ያ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ አገሩ በሙሉ በተረበሸበት ሰሞን። መሸት ሲል አንድ የሰፈር ልጅ የሳቸውን ጠመንጃ ይዞ ጥግ ላይ ተደብቋል። የጥበቃ መኪና መጣ። ልጁ ጓደኞቹ መስለውት ብድግ ብሎ አነጣጠረ። ሰዎቹ ዘለው ወረዱ፣ መሬት ያዙ። «እጅህን!» ሲሉት ልጁ እንጨቱን ሳይጥል «ጧ!» አላቸው። ጋሼ በር ላይ ቆመው ያያሉ። ምንም አልሆነም። አንደኛው ቀድሞ ለየና ጮኸ። እናትየው ግን እዚያው ተዝለፍልፋ ወደቀች፤ ልጁም ለሁለት ቀን አፉን አልከፈተም።

«እንጨት መሆኑ አይታይም?» አልኳቸው፣ ድምፄ እየቀነሰ።

«ማታ? ለፈራ ሰው?» አሉ። ያ ያሳመርኩት ክርክር ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

እህቴና ልጇ መጡ። ለእህቴ ያለውን ነገርኳት፣ ጋሼ ያሉትን በሙሉ ግን አይደለም። ቅር አላት። ልጁ ከነአካቴው አልሰማንም፤ ለሱ ባጃጅ በቂ ነው። በቀን አራት ጊዜ ከከዚራ ቀፊራ፣ ከቀፊራ ከዚራ ካላመላለስከኝ ይላል።

በታኅሣሥ 19 ቁሉቢ ነበርን። ደንገጎን ስንወጣ ልጁ ጠመዝማዛውን እየቆጠረ ሄዶ መሀል ላይ አስመለሰው። እህቴ ስለቷን አደረሰች፣ አለቀሰች፣ ቀለላት። መንገድ ዳር ከተዘረጋው ሸቀጥ መሀል ደግሞ ልጁ የፈለገውን አገኘ። የላስቲክ ክላሽ። ጥቁር፣ ካርታው ሳይቀር ተለጥፎበት። ስትጫነው ቀይ መብራት ይርገበገባል፣ ተኩስ ይተኩሳል፣ ከተኩሱ በኋላ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ዘፈን ይዘፍናል። ካሊፎርኒያ የተከለከለው፣ ድሬ ውስጥ አናጢ አልሠራም ያለው ነገር እዚያ በክምር ነው የሚሸጠው፤ ከጃንጥላና ከሥዕለ አድኅኖ ጎን። እህቴ አየችኝ። እኔ ተራራውን አየሁ። ገዛችለት።

ስንመለስ ፍተሻ አለ። ሁላችንም ወረድን። ወታደሩ ልጅ እግር ነው፣ ሃያ ሁለት ቢሆነው ነው። ላስቲኩን ከመቀመጫው ላይ አነሳው። አገላበጠው። ምላጩን ጫን አደረገ። መብራቱ በራ፣ ተኩሱ ተንጣጣ፣ ዘፈኑ ጀመረ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ይዞት ቆመ፤ ማጥፊያው የት እንደሆነ አጥቶት ነው መሰለኝ። ጓደኛው ከወዲያ ሳቀበት። እሱም ሳቀ። ከዚያ ለእህቴ መለሰላትና በቀስታ «ጠቅልለሽ ያዥው እናቴ፣ በመስኮት እንዳያወጣው» አላት። እህቴ በነጠላዋ ጠቀለለችው። ከዚያ እስከ ቤት ድረስ ሕፃን የታቀፈች ነበር የምትመስለው።

ትናንት ጠዋት ባትሪው አለቀ። ልጁ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጫነው፣ «ተበላሽቷል» አለና ሶፋው ላይ ጥሎት ወጣ። ባትሪ ልግዛለት ብዬ አስቤ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያን ዘፈን ድጋሚ መስማት አልፈለግኩም።

ከሰዓት ላይ ጋሼ ልጁን ሊያዩት መጡ። ለእህቴ ሙዝ፣ ለልጁ ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር። ሲፈታው ቁራጭ እንጨት ነው። ከወንበር እግር የተረፈ፣ አንድ ጫፉ ጎበጥ ያለ፣ ስንጥር እንዳይወጋው በብርጭቆ ወረቀት የታሸ። ምላጭ የለው፣ አፈሙዝ የለው።

«ምንድን ነው?» አለ ልጁ።

«እንጨት ነዋ» አሉ ጋሼ። «ግቢ ውስጥ ብቻ። በቀን ብቻ። ገባህ?»

ይሄን ልጁ የገባው አልመሰለኝም፤ እህቴ በእንግሊዝኛ ተረጎመችለት። ጋሼ እኔን ሳያዩ ሻያቸውን ጠጡ። እኔም ምንም አላልኩም።

ዛሬ የጎረቤት ልጆች መጡ። ግቢውን ዘጋሁባቸው። እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ ስልክ የማይ መስዬ አያለሁ። አንዷ ልጅ የመጥረጊያ እጀታ ይዛለች፣ አንዱ ጣቱን ብቻ። የእህቴ ልጅ እንጨቱን ይዞ ከማንጎው ሥር ቆመ። መጫን የሚችለው ነገር ፈለገበት፣ አገላበጠው። ልጅቷ አልጠበቀችውም። ከበርሜሉ ጀርባ ብቅ ብላ «ጧ!» አለችው። «ሞተሃል!»

ቆሞ አያት። እንጨቱን አየ። ከዚያ እየሮጠ ወደኔ መጣና በጆሮዬ ጠየቀኝ፤

«ስተሽኛል በአማርኛ ምንድን ነው?»