ገደል ውስጥ ቆሞ መጠበቅ

ሚያዝያ 4፣ አራት ኪሎ

ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። እንጦጦ ጠቁሯል፤ እዚህ ግን ገና ጠብ አላለም። እንዲህ ባለ ቀን ግንፍሌ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሞ ቁልቁል ማየት ብዙ ያስተምራል። ከራስ በላይ ፀሐይ እያለ ውሃው ይደፈርሳል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ ድምፁ ይወፍራል። ዝናቡ ተራራው ላይ፣ ጎርፉ እዚህ። በበልግ በገመድ ወደ ገደል ለሚወርድ ሰው ይህንን ማየት ትልቅ ትምህርት ነው። ማየቱን ነው የምለው፤ የከተማችን ወንዞች የቤቱን ሁሉ ፍሳሽ ስለሚሸከሙ ለልምምድ አይገባባቸውም።

ፏፏቴ በገመድ እየወረድን ገደል የምናልፍበት የእሑዱ ጉዞ ወደ ደብረ ሊባኖስ በኩል ነው፤ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ዠማ ወንዝ ከሚወርዱት ጠባብ ገደሎች አንዱ። "ወደ ቆላ ስለምንወርድ ይሞቃል" የሚለው ግምት ብዙ ሰው ያሳስታል። አየሩ እውነትም እየሞቀ ይሄዳል፤ ውሃው ግን ሌሊቱን ደጋው ላይ ያደረ ነው፣ ሁለቱ ግድግዳዎች በተጠጋጉበት ደግሞ ፀሐይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የምትገባው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል።

በብርድ ጊዜ ሰውን የሚጎዳው መውረዱ አይደለም፤ ወርዶ መቆሙ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሰው ገመዱን ይዞ፣ ወርዶ፣ እስኪለቅ 5 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ስድስት ሰው ካለ መጀመሪያ የወረደው 25 ደቂቃ ርሶ ይቆማል፤ ሦስት ፏፏቴ ካለና ሁልጊዜ እሱ ከቀደመ 75 ደቂቃ። አራት ሰው ከሆነ 45 ይሆናል። በዚህ ወቅት ከአራት በላይ መሄድ ትክክል አይመስለኝም። ሁለተኛ ገመድ መያዝ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፦ መጀመሪያ የወረዱት ሁለቱ ቀድመው የሚቀጥለው ፏፏቴ ላይ ገመድ ያስራሉ፣ የኋለኞቹ ገመዱን ስበው ይከተላሉ፤ ሥራ ፈትቶ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይኖርም። መጠበቅ ግድ ከሆነም ከፏፏቴው ሥር አይደለም። የሚወርደው ውሃ የራሱን ነፋስ ያነሣልና 20 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ድንጋይ ተከልሎ መቆም ነው።

ደጋግሜ የማነሣው ሌላው ነገር የገመዱ ጫፍ ነው። በደረቅ ገደል ሰው አልፎት እንዳይወድቅ ጫፉ ይቋጠራል። ፏፏቴው ጥልቅ ኩሬ ላይ በሚያርፍበት ግን አይቋጠርም፤ ቋጠሮው መውረጃው ብረት (ወራጁ ወገቡ ላይ ይዞ ገመዱን የሚያሳልፍበት) ላይ ይሰነቀርና ሰውየው ውሃ እየወረደበት ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ጫፉ የኩሬውን ፊት ነክቶ እንዲቆም ገመዱ ይለካል፤ ትርፉ ከላይ ከረጢት ውስጥ ይቆያል። ወራጁ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ገመዱ ራሱ ከብረቱ ሾልኮ ይወጣል፣ እሱም ዋኝቶ ይሄዳል። ሦስት አራት ሜትር ትርፍ ከተለቀቀ ግን አዙሪቱ ገመዱን እግር ላይ ይጠመጥመዋል።

ከላይም የሚታሰረው ሸክም እንደያዘ ሊለቀቅ በሚችል አስተሳሰር ነው። ስምንት ቁጥር የሚመስለው ብረት ማሰሪያው ላይ ይቆለፋል፤ አንዱ ፀጉሩ ወይም የቦርሳው ማንገቻ መውረጃው ብረት ውስጥ ገብቶበት መሃል ላይ ከተያዘ፣ ከላይ ያለው ቁልፉን ፈትቶ ቀስ እያለ ያወርደዋል። በማይፈታ ቋጠሮ ከታሰረ ያለው አማራጭ ቢላ ነው። ፏፏቴ ሥር ጩኸት አይሰማም፤ የኛ ፊሽካ አንድ ሲሆን ቁም፣ ሁለት ልቀቅ፣ ሦስት ሳብ፣ አራት ገመዱ ነፃ ነው። ሌላ ቡድን ሌላ ሊል ስለሚችል ከመኪና ሳይወረድ ይነገር።

ይህንን ሁሉ የሚሠራው እጅ ነው፣ ቀድሞ የሚደነዝዘውም እጅ። መለኪያው አውራ ጣትን ከትንሿ ጣት ጋር ማገናኘት ነው፤ ያቃተው ሰው ገመድ አይነካም፣ ሌላ ሰው ያስርለታል። ልምምዱን ቤት ውስጥ ማድረግ ይቻላል፦ ሳፋ ውስጥ በረዶ የተጨመረበት ውሃ፣ እጅን 5 ደቂቃ ነክሮ ቋጠሮውን ማሰርና መፍታት። ሞቅ ባለ ሳሎን በ10 ሰከንድ የሚታሰረው ምን ያህል እንደሚፈጅ ያኔ ይታያል። ንግግሩ የተጎተተ፣ እግሩ የሚደነቃቀፍ፣ በተለይ መንቀጥቀጡን ያቆመ ሰው ሞቆት አይደለም፤ ሰውነቱ እየተሸነፈ ነው። እርጥቡን ማውለቅ፣ ደረቅ ማልበስ፣ ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ማድረግ። አረቄ አይሰጥም፤ የቆዳውን ደም ሥሮች ከፍቶ የቀረውን ሙቀት ያስወጣል።

ልብሱ 5 ሚሊ ሜትር ኒዮፕሪን (የጠላቂዎች ልብስ የሚሠራበት ላስቲክ) ነው፣ ወገብ ላይ ልክክ ያለ፤ ከሰፋ በገባ በወጣ ቁጥር አዲስ ቀዝቃዛ ውሃ ይቀበላል። ያንን ያላገኘ የሱፍ ሹራብ ይልበስ፣ ግን እስከ አንገት የሚያስገባ ኩሬ ባለበት ገደል አይግባ። ጥጥ ከረጠበ አይጠቅምም፤ ጋቢው ክዳኑ በሚገጥም ጄሪካን ውስጥ ለመጨረሻው ይቆይ። ምግቡ በሶ ጭብጦ ነው፣ ማር የገባበት፤ በደነዘዘ እጅም ይጎረሳል። ከገበያ የሚገዛው የጭነት ናይለን ገመድ ለዚህ አይሆንም፤ ስለዚህ ጉዳይ ክርክር አልቀበልም።

ገደሉ ውስጥ በየቆምንበት አንድ ድንጋይ የውሃው ዳር ላይ ይቀመጣል። 5 ደቂቃ ሳይሞላ ውሃው ከዋጠው፣ ወይም ቅጠል መውረድ ከጀመረ፣ ዛፎቹ ላይ የድሮ ጎርፍ የሰቀለው ጭራሮ ከሚታይበት በላይ መውጣት ነው፣ ገመዱን ጥሎም ቢሆን። የበልግ ዝናብ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ እስከ 6 ሰዓት መጨረስ አለብን።

ግንፍሌ የዠማን አይነግረንም። ስለዚህ እሑድ ሌሊት 11 ሰዓት፣ ከመነሣታችን በፊት፣ ከገደሉ በላይ ለሚያርሱት ሰውዬ ይደወላል፦ "ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ማታ ከላይ ዘንቧል? ወንዙስ ደፍርሷል?"