ሰፊ ስፈልግ ሰፊ መጣልኝ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሠርግ ልንሄድ ሁለት ሰዓት ሲቀረን የሙሉ ልብሴ ሱሪ ከኋላ ተተረተረ። ጎንበስ ያልኩት ጫማዬን ለማሰር ብቻ ነው፤ ጥፋቱ የክሩ እንጂ የሆዴ አይደለም። ወደዚህ ሰፈር ከገባን ገና ሦስተኛ ሳምንታችን ስለሆነ የት እንደሚሰፋ አላውቅም። ስልኬን አወጣሁና ጎግል ላይ «ልብስ ሰፊ» ብዬ ጻፍኩ።

ሰፋፊ ልብስ አመጣልኝ።

አልፈርድበትም። እኛ ባለሙያውን ከስፋቱ የምንለየው በማጥበቅና በማላላት ነው፤ ጽሑፉ ግን አንድ ነው። ያኔ ረጋ ብዬ «ልብስ ስፌት» ብል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። እኔ ግን ለሰው እንደማስረዳ ቃል ጨመርኩ፦ «ጥሩ ልብስ ሰፊ በአስቸኳይ»። አሁን ደግሞ የነፍሰ ጡር ቀሚስ ተደረደረ። ከታች የሰፊው ስልክ ቁጥር ቢኖር ብዬ አንዱን ከፈትኩ። ሌላውንም ከፈትኩ። አራተኛው ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዋጋ እያወዳደርኩ ነበር።

እኛ ቤት ያደሩት አማቴ «ልጄ፣ እስቲ ስልክህን አውሰኝ፣ ለእኅቴ ልደውልላት» አሉኝ። ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ስልኩን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ከዚያ ልጃቸው የምትለብስበትን ክፍል አዩ። እልልታው ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

«ማርያም በሽልም ታውጣሽ!» እያሉ ባለቤቴን ሲያቅፏት እሷ በትከሻቸው ላይ አሻግራ ስልኩን እያነበበች ነበር። «ጥሩ ልብስ... ሰፊ... በአስቸኳይ?» ሰፊ የሚለውን አጥብቃ ነው ያነበበችው። «ወፍረሻል ለማለት ነው?»

ሱሪውን አውልቄ ቀዳዳውን ባላሳይ ኖሮ ሠርጉም ይቀር ነበር።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ስልኩን ተቀብሎ «ልብስ ስፌት» የሚለውን፣ ቃላቱ እንዳይለያዩ፣ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ጻፈው። «ቀሚስ» የሚለውም እንዳይመጣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አደረገበት። በደቂቃ ውስጥ ልብስ ሰፊ ተገኘ። አዳማ! የሰፈሩን ስም መጨመር ሁለታችንም ረስተናል።

አማቴ ኩርፊያቸውን ሳይደብቁ ሱሪውን በአራት መርፌ ቁልፍ ያያዙልኝ እሳቸው ናቸው። ሠርጉ ላይ እስክስታ ሲወርድ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ዋልኩ። ስልኬ ግን እስካሁን አላመነም። ትናንት የሕፃን አልጋ አሳየኝ።