ኮቱ፣ ቡና ዱጊ

ጅማን የማውቃት በሲኒ ነው።

በ2001 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። እዚያ ትምህርት ክፍል ውስጥ ብቻ አይሰጥም። ሲቢቲፒ የምንለው ማኅበረሰብ ተኮር ሥልጠና ነበር፤ ለተወሰኑ ሳምንታት ቅጽ ይዘን ወደ ሰፈር እንወጣለን። ቤት ለቤት እንዞራለን። ስንት ሰው ይኖራል? ስንት ክፍል ነው? ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ? ሽንት ቤት አለ? አንዱን ቅጽ ለመሙላት ሃያ ደቂቃ ይበቃል። እኛ ግን አንድ ሰዓት ይፈጅብን ነበር፤ ቡና ሳንጠጣ የሚለቀን ሰው አልነበረምና። ስድስት ነፍስ በምታድርበት አንዲት ክፍል ውስጥ በርጩማ ይሳብልናል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ማታ ዶርም ስንገባ እንቅልፍ እምቢ ይለናል።

ባለፈው ህዳር ተመለስኩ። ከተመረቅኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሳን። ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል፤ ሹራብ የደረበ ሁሉ እዚያ ያወልቃል። ድልድዩን ተሻግረን ወደ አበልቲ ስንወጣ አየሩ መለስ አለልን። አሰንዳቦ አካባቢ የግልገል ጊቤ ግድብ ውሃ ከሩቅ ብልጭ ይላል። ከዚያ በኋላ ዓይኔ መንገድ ዳር ላይ ተተከለ። ህዳር የቡና ለቀማ ነው። በየደጁ የሽቦ አልጋ ተዘርግቶ ቀይ እሸት ተሰጥቶበታል። አጠገቡ የሚጠብቅ ሰው አለ። ያኔ የሚጠብቀው ሰው አላይም ነበር።

ከጎኔ የተቀመጡት አባት ጅማ አጠገብ ያለችው የማና ወረዳ ገበሬ ናቸው። አዲስ አበባ ልጃቸውን ጠይቀው መመለሳቸው ነው።

«ቡና ዘንድሮ እንዴት ነው አባቴ?» አልኳቸው።

«አልሃምዱሊላህ! ዛፍ ላይ እያለ ነው የሚጠይቁን። ድሮ ነጋዴውን የምንለምነው እኛ ነበርን።»

ቤታቸውን ቆርቆሮ ቀይረዋል። ልጃቸው ኮሌጅ ገብቷል። ሲነግሩኝ ፊታቸው በራ፤ እኔም ከልቤ ደስ አለኝ። የቡና ገበሬ ለስንት ዘመን ከድካሙ በታች ሲቀበል እንደኖረ የሚያውቅ ሰው ደስ ይለዋል። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉኝ። «ግን አሁን ቡና ስጠጣ ብር የምጠጣ ይመስለኛል።»

የሆነውን ነገር ሁላችንም እናውቃለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በ2017 አጋማሽ ላይ ደግሞ የአረቢካ ቡና በዓለም ገበያ ፓውንዱ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። በዚያው በጀት ዓመት አገራችን 469 ሺህ ቶን ገደማ ቡና ልካ ወደ 2.65 ቢሊዮን ዶላር አገኘች። ቁጥሩ በዜና ሲነገር ሩቅ ነው። ጅማ ሲገቡ ግን በዓይን ይታያል።

ከመናኸሪያ ወደ መሃል ከተማ በባጃጅ ሄድኩ። በሁለቱም በኩል መስታወት የለበሰ ፎቅ። ባንክ፣ ሆቴል፣ ባንክ። በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል። አዌቱን ሳይ ደግሞ ቆምኩ። አዌቱ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላት ወንዝ ነው። በእኛ ጊዜ አፍንጫችንን ይዘን ነበር የምንሻገረው። አሁን ዳሩ ጸድቶ ሰው ይናፈስበታል። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ይህን ማንም እንዲያሳንስብኝ አልፈልግም። ጅማ ይገባታል።

ነገሩ የገባኝ በማግስቱ ጠዋት ነው። ከሆቴሌ በታች ያለው ካፌ ገብቼ የጀበና ቡና አዘዝኩ። አስተናጋጁ ልጅ ይቅርታ ጠየቀኝ። ማኪያቶ አለ፣ የማሽን ቡና አለ፣ ጀበና የለም። «ጋሼ፣ ጀበና ከፈለጉ በጀርባ በኩል ቅያሱ ውስጥ ይገኛል» አለኝ።

ቅያሱ ውስጥ ገባሁ። ላስቲክ ተወጥሯል፤ ከሥሩ ረከቦት፣ ከሰል ምድጃ፣ አራት በርጩማ። የምታፈላው ሴት በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። ድሮ ዋናው መንገድ ዳር ነበረች። ከዚያ አንስተዋት ነው ወደ ውስጥ የገባችው። እንግዳው ቀንሶባታል፤ መንገደኛ ቅያስ ውስጥ ቡና አይፈልግማ።

«ስንት ነው ሲኒው?»

«ሃያ አምስት።»

ፊቴን አየችው መሰለኝ፣ ሳልጠይቃት ሂሳቡን ዘረዘረችልኝ። የጥሬ ቡና ኪሎው፣ ከሰሉ፣ ስኳሩ። ስትቆላው ደግሞ እሳት የሚበላው አለ፤ ኪሎ ያስገባችው ኪሎ ሆኖ አይወጣም። ከዚያ ከረከቦቱ ሥር አንድ አሮጌ ሲኒ አወጣች። አሁን የምትቀዳበትን ሲኒ አንስታ አሮጌው ውስጥ ከተተችው። ልክ ገባ። ጠርዙ እንኳን አልተነካካም።

«ዋጋ ከመጨመር ሲኒ መቀነስ ይሻላል ብዬ ነበር» አለችኝ። «ኋላ ሁለቱንም አደረግኩ።»

ገብስ ቆልቶ የሚቀላቅል አለ ይባላል፣ አንቺስ? አልኳት። ጀበናውን አስቀመጠች። «እኔ ጅማ ላይ ቁጭ ብዬ ገብስ አላፈላም።»

ቡናዋ ግሩም ነበር። በሁለት ጉንጭ አለቀ።

ሐሙስ ሆነና ሂርማታ ገበያ ወጣሁ። ይህ ገበያ ከከተማዋ ራሷ በዕድሜ ይበልጣል ማለት ይቻላል፤ ጅማ የበቀለችው በገበያው ዙሪያ ነውና። በአባ ጅፋር ዘመን ሐሙስ ሐሙስ እስከ 30 ሺህ ሰው ይሰበሰብበት ነበር ይባላል። ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ የመጣ ሲራራ ነጋዴ እዚህ ያራግፋል። ማርትሬዛ ብር እዚህ ይቆጠራል።

የእንጨት ሥራ ተራ ውስጥ በርጩማ ሲጠርብ የነበረ ጎልማሳ አጠገብ ቆምኩ። የጅማ በርጩማ መጋጠሚያ የለውም። ከአንድ ግንድ ይወጣል፤ መቀመጫውም ሦስቱ እግሮቹም አንድ እንጨት ናቸው። ሦስት እግር ስለሆነ የትም ቢያስቀምጡት አይወላገድም። የአፈር ወለል ጎርበጥ ቢል፣ ደጅ ድንጋይ ቢኖር፣ እሱ ይቀመጣል። ቤቱ ጠባብ ወለሉ ያልተስተካከለ ሰው እንግዳውን የሚያስቀምጠው በዚህ ነው። ዋንዛ ተወደደ አለኝ። የሚገዛው ማነው ብዬ ጠየቅኩት። «ሆቴል» አለኝ። «ለጌጥ። ሰው የሚቀመጥበት ፕላስቲክ ወንበር ነው።»

ከሰዓት በኋላ ጅሬን ወጣሁ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ታድሶ አምሮበታል። የእንጨት በረንዳው ላይ ቆሞ ከተማዋን ቁልቁል ማየት ደስ ይላል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ50 ዓመት በላይ የነገሡ ሰው ናቸው። በ1870ዎቹ ለምኒልክ በሰላም ገቡ፤ ግብር እየከፈሉ መንግሥታቸውን አቆዩ። ጅማን ጦር ሳይነካት ነጋዴው መጣ። እሳቸውም ነጋዴውን አቀረቡ፣ ገበያውን ጠበቁ። እኔ በርጩማ እየተሳበልኝ የተማርኩት ጠባይ ምንጩ እዚህ ይመስለኛል። ይህች ከተማ ሀብታም የሆነችው እንግዳ ተቀብላ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ጅማን አበላሸ አልልም። ጅማ ገንዘብን ከማንም በፊት ታውቀዋለች። ያ ገንዘብ ግን ሰው ይዞ ይመጣ ነበር፤ ለሰውየውም ማደሪያ ይገኝ ነበር። የዛሬው ገንዘብ ፎቅ ሆኖ ሲቆም ሥሩ የነበረውን ሰው ያስነሳል። አዲስ የተቀጠረ መምህር፣ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ፣ ቡና ለቃሚ፣ መሃል ከተማ ውስጥ በደመወዙ ክፍል ማግኘት ካቃተው ጅማን ማን ነው ጅማ የሚያደርጋት? ከበረንዳው ላይ የመስታወት ጣሪያውንና የዛገውን ቆርቆሮ ለይቼ አየሁ። ዝገቱ ወደ ዳር ዳር ሸሽቷል።

እትዬን የፈለግኳቸው በመጨረሻው ቀን ነው። መንደራ ሰፈር ውስጥ ነበር የማውቃቸው። ቅጽ ሞልቼላቸው፣ ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ እየሄድኩ ቡና የምጠጣባቸው እናት ናቸው። አምስት ተከራይ በአንድ ግቢ ነበር የሚኖሩት። በአጥሩ ማዶ ደግሞ የራሷ ቤት ያላት ጎረቤታቸው አለች። ቡናው ሲደርስ እትዬ አጥሩ ላይ ተንጠላጥለው ይጣራሉ። «ኮቱ፣ ቡና ዱጊ!» ነይ፣ ቡና ጠጪ ማለት ነው። እትዬ ኦሮምኛውን የተማሩት ከእሷ ነው፤ እሷም አማርኛውን ከእሳቸው። አጥሩ ላይ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበር። ማንም አልደፈነውም።

ግቢውን አጣሁት። አራት ፎቅ ቆሟል። ባለቤቱ ሽማግሌ አርፈው ልጆቻቸው ናቸው የሠሩት። አልፈርድባቸውም፤ የአባታቸው መሬት ነው። ጎረቤቲቱ ግን እዚያው ናት። አጥሩ የሲሚንቶ ግንብ ሆኗል። ቤቷ አልነበረችም፤ ልጇ የእትዬን ስልክ ሰጠኝ።

ሁለት ባጃጅ ቀይሬ ደረስኩ። ከተማው አልቆ ማሳ ሊጀምር ሲል ነው ቤታቸው። እትዬ አርጅተዋል። ድምፄን ሰምተው አወቁኝ፣ አቅፈው ሳሙኝ። «አንተ ልጅ! ዛሬም ከሲታ ነህ።» ወዲያው ከሰል አያያዙ።

ሲቆሉ ምጣዱን አየሁት። አንድ እፍኝ ናት። እያንዳንዷን ፍሬ በማማሰያው ያገላብጧታል፤ የምታርር እንዳትኖር።

«በሳምንት ሁለት ቀን ነው አሁን የማፈላው» አሉ። «ያኔ በቀን ሦስቴ ነበር፤ ታስታውስ የለ።»

«ጎረቤትስ አገኙ እዚህ?»

«ጎረቤትማ አለ። ደጎች ናቸው። ግን እኛ 22 ዓመት አብረን ጠጥተናል እኮ።» አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ልሂድ እልና ባጃጁ ደርሶ መልስ 100 ብር። ቡና ልጠጣ ብዬ 100 ብር? እሷም ትመጣና ያው ነው። ጉልበቷንም ያማታል።»

ቡናው ተወቀጠ። ውሃው ፈላ። ሦስት በርጩማ አለቻቸው፤ እሳቸው በአንዱ፣ እኔ በአንዱ። ጀበናው ከእሳት ሲወርድ ስልካቸውን አወጡና ደወሉ። ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ኮቱ፣ ቡና ዱጊ!»

ከወዲያ ሳቅ ተሰማ። «እኔም አውርጃለሁ። ቆይ፣ እስክቀዳ ጠብቂኝ።»

ጠበቅናት። የሲኒ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ተሰማ። እትዬ ቀዱልኝ፤ ለራሳቸውም ቀዱ። ተመራረቁ። ስለ ጉልበት፣ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ሳትነግራት ስለተዳረች የእህት ልጅ አወሩ።

«እንግዳ አለኝ» አሉ እትዬ። «ያኔ ቅጽ ይዘው ከሚዞሩት ልጆች አንዱ።»

«ቤት ይቆጥሩ የነበሩት?»

«አዎ።»

ትንሽ ዝም አለች። «እንግዲያው አሁንም ይጻፈን» አለች። «እኔ እዚህ ነኝ፣ አንቺ እዚያ ነሽ፤ እንዲያ ብሎ ይጻፍ።»

እትዬ መልስ አልሰጡም። ስልኩን ባዶዋ በርጩማ ላይ አስቀመጡና ለቶናው ጀበናው ላይ ውሃ ጨመሩ።