ጓደኛዬ የሚፈልገው ዘፈን በሸክላ የለም

የድሮ ዲስኮ ሸክላ የሚሰበስብ ሰውና በዚያ ሸክላ ሲጨፍር ያደረ ሰው አንድ አይደሉም። ይህን ያየሁት እዚህ ቺካጎ ነው። ሰብሳቢው የሚጠይቃችሁ የየት አገር እትም እንደሆነ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደታተመ፣ ሽፋኑ ተቀዷል አልተቀደደም የሚለውን ነው። ለአንድ ሸክላ በመቶ የሚቆጠር ዶላር የሚከፍል አለ። የጨፈረው ሰው ደግሞ የዘፈኑን ስም እንኳ ላያውቅ ይችላል። "ያ መብራቱ የሚጠፋበት" ይላችኋል። "ያ ሴትዮዋ ዝም ብላ ከበሮው ብቻ የሚሄድበት" ይላችኋል። እኔ የማዳላው ለጨፋሪዎቹ ነው።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ቀኖች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እዚህ ከተማ ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ መሀል ከተማ የሌሊት ፓርኪንግ ነበር። አሜሪካ መጥቶ ፓርኪንግ ያልሠራ ሀበሻ ካለ እጁን ያውጣ! አብሮኝ ሌሊት የሚገባው ሰው ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ የደቡብ ቺካጎ ልጅ። በዕድሜ ታላቄ ስለሆነ በልቤ ጋሼ እለው ነበር። በጠባቧ ክፍላችን ውስጥ አንቴናዋ የተሰበረ ካሴት ማጫወቻ ነበረችው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ መኪና የሚባል አይመጣም። ያኔ ካሴቶቹን ከቦርሳው ያወጣል።

እኔ ያደግኩት ጥላሁንን እየሰማሁ ነው። ዘፈን ማለት ለእኔ ግጥም ነው፣ ድምፅ ነው። የእሱ ካሴት ላይ ግን ያለው ዱም ዱም ዱም ዱም ብቻ። ብዙ ከታገስኩ በኋላ "ይሄ ዘፈን መቼ ነው የሚጀምረው?" አልኩት።

"አርባ ደቂቃ አለፈው እኮ" አለኝ። ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ከዚያ ጀምሮ ሃውስ የሚባለው የዳንስ ሙዚቃ እዚህ ቺካጎ ከዲስኮ እንዴት እንደወጣ ሌሊት ሌሊት እየነገረኝ ተማርኩ። ወጣት እያለ ዌርሃውስ የሚባል ክለብ ይሄድ ነበር። ክለቡ በ1977 የተከፈተው 206 ሳውዝ ጄፈርሰን ጎዳና ላይ ነው። ባለቤቱ ሮበርት ዊሊያምስ ከኒው ዮርክ ፍራንኪ ናክልስ የሚባል ወጣት ዲጄ አስመጣ። አልኮል አይሸጥም፤ ያለው ጁስና ውሃ ነው። ስለዚህ እንደ መጠጥ ቤት በዚህ ሰዓት ዝጋ የሚለው የለም። ቅዳሜ ሌሊት የገባ እሁድ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው የሚወጣው። አብዛኞቹ ጥቁርና ላቲኖ ወጣቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ጌይ። ሌላ ጭፈራ ቤት ቢሄዱ በር ላይ የሚመለሱ ልጆች።

ይህን ሲያወራኝ የአዲስ አበባው ሰዓት እላፊ ትዝ አለኝ። በደርግ ጊዜ ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሲጫወት የገባ ሰው ሰዓት እላፊው እስኪያበቃ መውጣት ስለማይችል እዚያው ያድር ነበር። ባንዱም አብሮ ያነጋል። እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፤ የነገሩኝ ታላላቆቼ ናቸው። ለጓደኛዬ ስነግረው "እናንተም ጋ ጁስ ነበር የሚሸጠው?" ብሎ ጠየቀኝ። ይሄንንስ ተወው አልኩት።

ወደ መብራቱ ልመለስ። ፍራንኪ አንዳንድ ሌሊት መብራቱን ድርግም አድርጎ ያጠፋና የባቡር ድምፅ ይለቃል። ድምፁ ከቤቱ ጥግ እስከ ጥግ ሲሄድ እውነተኛ ባቡር በመሀላቸው ያለፈ ይመስላቸዋል። ጓደኛዬ እዚህ ላይ ሲደርስ ዛሬም እጁን ወደ ጆሮው ይወስዳል።

ሙዚቃው መጀመሪያ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ጓደኛዬ ሁልጊዜ የሚያነሳው ሙኒክን ነው። በ1977 ጆርጆ ሞሮደርና ፒት ቤሎት ከዶና ሰመር ጋር "አይ ፊል ላቭ"ን እዚያ ሠሩ። ቤዙም ሌላውም የወጣው ከሞግ ሲንተሳይዘር ነው፤ ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ማሽን። ማሽኑ ታዲያ አመለኛ ነበር፤ ትንሽ ሲቆይ ቅኝቱ ይፈርሳል። እየቀረጹ፣ እያቆሙ፣ እንደገና እየቃኙ ነው የጨረሱት። ያ ማሽን አንድ ነገር ግን አልሆነለትም። የዋናው ከበሮ ድምፅ ደረት የሚመታ አልሆን አለ። ስለዚህ ኪት ፎርሲ የሚባል ከበሮ መቺ ቁጭ ብሎ በእግሩ መታው። ያ የማሽን ንጉሥ የሚባል ዘፈን ውስጥ የሰው እግር አለበት ማለት ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ዘፈኑን በሰማሁት ቁጥር እግሩን ነው የምሰማው።

ከዚያ 1979 መጣ። ሐምሌ 12 ቀን ኮሚስኪ ፓርክ በሚባለው የቤዝቦል ስታዲየም አንድ የሬዲዮ ሰው ዲስኮን ላቃጥል ብሎ ሕዝብ ጠራ። የዲስኮ ሸክላ ይዞ የመጣ ሰው መግቢያው 98 ሳንቲም ብቻ ነው። ያን ቀን ሁለት ጨዋታ ነበር፤ በመሀላቸው ሸክላዎቹን ሜዳው ላይ አፈነዷቸው። ሕዝቡ ሜዳውን ወረረው፤ ሁለተኛው ጨዋታ ቀረ። የዚያን ዕለት ስታዲየሙ ውስጥ ሰው ወደ መቀመጫው ከሚመሩት ሠራተኞች አንዱ ቪንስ ሎረንስ የሚባል ጥቁር ልጅ ነበር። ሲንተሳይዘር ለመግዛት ነው ገንዘብ የሚያጠራቅመው። ሰው ካመጣቸው ሸክላዎች ብዙዎቹ ዲስኮ ሳይሆኑ የጥቁሮች ሙዚቃ እንደነበሩ በኋላ ተናግሯል። ይህን ልጅ ያዙልኝ።

ትልልቆቹ የአሜሪካ ሙዚቃ ኩባንያዎች ከዚያ ወዲያ ከዲስኮ ሸሹ። ዲጄዎቹ አዲስ ሸክላ ሲያጡ ዓይናቸውን ወደ ውጭ አዞሩ። መሀል ከተማ ኢምፖርትስ እትሴትራ የሚባል ሸክላ ቤት ነበር፤ ስሙ እንደሚለው ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው የሚሸጠው። ከጣሊያን የሚመጣው ደግሞ ለብቻው ነው። የ1982ቱን የክላይንና ኤምቢኦ "ደርቲ ቶክ" አድምጡት። ከበሮውን የሚመታው ድራም ማሽን ራቁቱን ቆሟል፤ ምንም የሚሸፍነው የለም። ጣሊያን ውስጥ ተሠርቶ ቺካጎ ውስጥ የተወደደ ሙዚቃ ነው። በእኔ ጆሮ ከሙኒኩ ዘፈን ይልቅ በኋላ እዚህ ለመጣው ነገር የሚቀርበው ይሄ ነው። ጓደኛዬ ግን በዚህ አይስማማም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። አዲስ ሸክላ እንደልብ ካልተገኘ ያለውን ማስረዘም ነው። ፍራንኪ ድምፅ ቀረጻ የሚማር ኤራስሞ ሪቬራ የሚባል ጓደኛ ነበረው። ሁለቱ ሆነው ሪል ቴፕ ላይ ዘፈኑን ይቆራርጡትና ይቀጣጥሉታል። ለዳንስ የሚመቸው ቦታ ይደጋገማል፣ የማይመቸው ይጣላል፣ ከሥሩ ሌላ ምት ይጨመርበታል። ዌርሃውስ ውስጥ የሚሰማው ያ ነው። ልጆቹ ሰኞ ዕለት ሸክላ ቤት ሄደው ሸክላውን ሲገዙ ያው ዘፈን ነው፣ ግን ያ አይደለም። ያ ቅጂ ያለው ፍራንኪ ጋ ብቻ ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዌርሃውስን ለቆ ፓወር ፕላንት የሚባል የራሱን ቤት ሲከፍት፣ ሮበርት ዊሊያምስ ደግሞ ሚዩዚክ ቦክስ ለሚባለው ክለቡ ሮን ሃርዲ የሚባል ዲጄ አመጣ። ሃርዲ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ፍጥነቱን ይጨምራል። ቴፑን ወደ ኋላ ያጫውታል። ጓደኛዬ ሁለቱም ጋ ይሄድ ነበር። "ፍራንኪ ጋ ትጨፍራለህ፣ ሃርዲ ጋ ታብዳለህ" ይላል።

ለዚህ ነው ሰብሳቢዎቹ ያተረፉት ግማሹን ነው የምለው። ሸክላው ተርፏል፤ የተጨፈረበት ግን ብዙውን ጊዜ ሸክላው አልነበረም። የሌሎቹም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ1987 በሸክላ የወጣው የፊውቸር ቡድን "አሲድ ትራክስ" ከዚያ በፊት የታወቀው በቴፕ ነው። ልጆቹ የተጠቀሙበት ቲቢ-303 የሚባለውን የሮላንድ ማሽን ነው፤ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ለሌለው ሰው ቤዙን እንዲጫወትለት የተሠራ። ማንም ስላልፈለገው ያገለገለው በርካሽ ይገኝ ነበር። ቁልፎቹን ሲያጣምሟቸው ያ የሚያቃጭለው፣ የሚንጫጫው ድምፅ ወጣ። ቴፑን ለሮን ሃርዲ ሰጡት። መጀመሪያ ሲያጫውተው ሰው ከመጨፈሪያው ሸሸ። ቆይቶ ደገመው። በዚያው ሌሊት ለአራተኛ ጊዜ ሲለቀው ሕዝቡ ቀውጢ ሆነ። አስቡት፤ እኔ አንድ ዘፈን አልተወደደልኝም ብዬ አራት ጊዜ ብለቅ ከሰርግ ቤት ያስወጡኛል።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ልጅ ቪንስ ሎረንስ ሲንተሳይዘሩን ገዛ። ጄሲ ሳንደርስ የሚባል ዲጄ ጓደኛ ነበረው። ሳንደርስ ሁልጊዜ የሚከፍትበት፣ ሌሎች ዘፈኖች በስውር ተቆራርጠው የተቀጣጠሉበት ሸክላ ተሰረቀበት። ሌላ ቅጂ ማግኘት አቃተው። ታዲያ ምን አደረጉ? በድራም ማሽንና በኪቦርድ ራሳቸው ሠሩት። በ1984 "ኦን ኤንድ ኦን" ተብሎ ወጣ። የመጀመሪያው የሃውስ ሸክላ እሱ ነው ይባላል። አንድ ሌባ ባይኖር ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። የሠሩት ሰዎች የሙዚቃ ትምህርት ቤት ምሩቅ አልነበሩም። ድምፁም ያን ያህል አይደለም። ግን የሰሙት ልጆች ሁሉ "ይሄንንማ እኔም እችላለሁ" ብለው ማሽን ፍለጋ ሄዱ።

ፍራንኪ በ2014 ሞተ። የዌርሃውስ ሕንፃ ዛሬም አለ፤ በ2023 ከተማው ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። የፍራንኪ ሸክላዎች ያሉት ስቶኒ አይላንድ አርትስ ባንክ ነው። የ1923 ባንክ ቤት ነው፤ ፈርሶ ሊወድቅ ሲል አርቲስቱ ቲያስተር ጌትስ ከከተማው በአንድ ዶላር ገዝቶ አደሰው። አምስት ሺህ ያህል ሸክላ ተደርድሯል። ከጓደኛዬ ጋር ሄደን ነበር። እኔ በአድናቆት አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እሱ ዞር ዞር ብሎ አየና "ቴፖቹስ?" አለ።

አንድ ቀን ደግሞ እኔ በተራዬ ላስደንቀው ብዬ የእኛን አሰማሁት። የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን የሠራትን ካሴት። አኮርዲዮን አለ፣ ሲንተሳይዘር አለ፣ ድራም ማሽን አለ፤ ባንድ የለም። ኃይሉ በኋላ ታክሲ እየነዳ ኖረ። ካሴቷን አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ከሙዚቃ ቤት አግኝቷት በ2013 እንደገና ታተመች። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ጓደኛዬ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። "ሸሞንሟናዬ" ላይ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። "ይሄ ሰውዬ ዌርሃውስ ገብቶ ያውቃል እንዴ?" አለኝ። አልገባም። ማሽኑ ግን ያው የዘመኑ ማሽን ነው፤ የሚሠራበት ሰው ሲለያይ ምን እንደሚሆን ስሙት።

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ጃክሰን ፓርክ ውስጥ ቾዝን ፊው ፒክኒክ አለ። ከ1990 ጀምሮ ነው፤ ከቤተሰብ የሐምሌ 4 ግብዣ ነው ያደገው። አሁን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይመጣል። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው እናቶችና አባቶች ድንኳን ተክለው፣ የጎድን ሥጋ እየጠበሱ፣ የልጅ ልጅ ይዘው ይጨፍራሉ። ጉልበቱ የታመመው ወንበር ላይ ሆኖ በትከሻው ይጨፍራል። ትከሻ እንኳ የእኛ ስለሆነ እኔም አላፈርኩም።

ባለፈው ዓመት የጓደኛዬ ሴት ልጅ የአባቷን ካሴቶች ወደ ኮምፒዩተር ገልብጣ በስልኳ ይዛ ወደ ፒክኒኩ መጣች። አንዱን ከፈተችው። የዘፈን ስም በሚለየው አፕሊኬሽን ሞከረችው። መጀመሪያ "ደርቲ ቶክ" አለ። ትንሽ ቆይቶ የዶና ሰመርን ዘፈን ጠራ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከበሮ ብቻ ሲሆን ምንም ማወቅ አቃተው።

"የፍራንኪ ቅጂ ነው" አለ ጓደኛዬ። የሚስቱ ወንድም "በዚህ ፍጥነት? ሃርዲ ነው እንጂ" ብሎ ሹካውን አስቀመጠ። ከጎረቤት ድንኳን አንዲት ሴትዮ ሰምታ መጣች። ሁለታችሁም አታውቁም፣ ይሄ ከደብሊውቢኤምኤክስ ሬዲዮ የተቀዳ ነው፣ እኔም ቤት አለ ብላ እርፍ። ሦስቱም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ልጅቷ ፋይሉን "የአባባ ካሴት፣ ሁለተኛው ገጽ" ብላ አስቀመጠችውና ለእኔም ላከችልኝ።