ስፖኪዮዬ ውስጥ የገዛ ክርኔን ማየት ያቆምኩበት መንገድ

ሞተር መንዳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ስፖኪዮ ውስጥ የማየው ግማሹ የራሴ ክርን ነበር። ችግር መሆኑንም አላውቅም። ሁሉም ሰው እንደዛ የሚያይ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ማታ መስመር ልቀይር ፍሬቻ አበራሁ። በግራ ስፖኪዮ አየሁ። ባዶ ነው። ልገባ ስል ጡሩምባው ጆሮዬ ሥር ጮኸ። መኪናው ከኋላ ጎማዬ ትንሽ ወደኋላ ቀረት ብሎ ነበር፣ ሹፌሩ ፍሬን ባይዝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር። ጥጌን ይዤ ቆምኩና እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ጠበቅኩ። እዛው እንደተቀመጥኩ ስፖኪዮውን ደግሜ አየሁት። ከውስጥ በኩል ክርኔ፣ ከላዩ የጃኬቴ ትከሻ፣ ከላይ ሰማይ፣ ከዛ ዳር ላይ ቀጭን የአስፋልት ቁራጭ። መኪናው የተደበቀው ክርኔ ጀርባ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር መግዛት ነው፣ እሱም ስህተት ነበር። እነዚያን ክብ ትናንሽ የሚለጠፉ መስታወቶች ገዝቼ ሁለቱም ስፖኪዮ ላይ ለጠፍኩ። የመኪና ስፖኪዮ ሰፊ ስለሆነ ይችላቸዋል። የሞተር ግን ጠባብ ነው። እነሱ የሸፈኑት ቦታ በፊት አይበት የነበረ ቦታ ነው፣ በነሱ ውስጥ የሚታየው መኪና ደግሞ የትንሿን ጣት ጥፍር አያክልም። ሳምንት ሳይሞላ ላጥኳቸው።

ከዛ ጓደኛዬን ጠራሁና ኖራ ይዘን ሜዳ ወጣን። ከሁሉም ነገር በላይ የጠቀመኝ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው። ሞተሩን ደልዳላ ቦታ ላይ በትልቁ ማቆሚያ አቆምነው። እኔ ስነዳ የምለብሰውን በሙሉ ለብሼ፣ ጃኬት፣ ጓንት፣ ሄልሜት፣ ሁለት እጄን መሪ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጓደኛዬ ከኋላዬ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ጀመረና በግራዬ ባለው መስመር በዝግታ ወደ ፊት ተራመደ። ስፖኪዮ ውስጥ ሲጠፋብኝ «ጠፋህ» እላለሁ፣ እሱ መሬቱ ላይ ያሰምራል። አንገቴን ሳላዞር በዓይኔ ጥግ ሳየው ደግሞ «መጣህ» እላለሁ፣ እዛም ያሰምራል። በሁለቱ መስመሮች መካከል ሰባት እርምጃ ነበር። አንድ መኪና ከነሙሉ ቁመቱ ይገባበታል። ወርጄ በኖራው መካከል ስቆም ነው ነገሩ በደንብ የገባኝ።

ማስተካከሉን የጀመርነው ምንም ሳንገዛ ነው። ስፖኪዮዬ ግማሹን ሰማይ ያሳይ ነበር፣ ሰማይ ላይ ደግሞ የሚከተለኝ የለም። አድማሱ ከመሃል ትንሽ ከፍ እስኪል ወደታች አጎነበስኩት። ከዛ ክርኔ ከውስጠኛው ጠርዝ ላይ እንደ ክር ቀጭን ሆኖ እስኪቀር ወደ ውጭ ገፋሁት። ጨርሶ እንዲጠፋ አላደረግኩም፣ ምክንያቱም ያቺ ቀጭን ምልክት ካለች ስፖኪዮው በመንገድ ላይ ከቦታው ቢንቀሳቀስ ወዲያው አውቃለሁ። እንቅስቃሴው በጣም ትንሽ መሆን አለበት። መስታወት 1 ዲግሪ ሲዞር የምታዩት አቅጣጫ 2 ዲግሪ ይዞራል፣ ከኋላችሁ 20 ሜትር ላይ ያ ወደ 70 ሳንቲ ሜትር ነው። በጣት ጫፍ ነካ ማድረግ ይበቃል።

ሰባቱ እርምጃ ወደ አራት ወረደ። ከዛ በላይ ግን እምቢ አለ፣ ክንዴ መሃል ላይ ነውና። የተባበሩት መንግሥታት የሁለት ጎማ ስፖኪዮ ደንብ፣ ቁጥር 81 የሚባለው፣ የመስታወቱ መሃል ከሞተሩ መሃል መስመር ቢያንስ 28 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይሁን ይላል። ለካሁት፣ የኔ 30 ነበር። ደንቡን ያሟላል፣ ግን ደንቡ የኔን ወፍራም ጃኬት አያውቅም። ሕጉን ማሟላቱና ለናንተ ቁመና መስማማቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ስለዚህ 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራዘሚያ ገጠምኩ። እዚህ ጋ የብሎኑን ውፍረት ሳትለኩ አትግዙ። ብዙ ሞተሮች 10 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ ብዙ ስኩተሮችና ትናንሽ ሞተሮች ደግሞ 8። ያማሃ ላይ የቀኙ ስፖኪዮ ብዙ ጊዜ በተቃራኒ ነው የሚፈታው፣ ያንን ሳያውቁ ቁልፍ ይዞ መታገል ጥርሱን ይበላዋል። መጀመሪያ ከታች ያለችውን ዳዶ አላሉ፣ ከዛ ዘንጉን በእጅ አዙሩ። የሚገባበት ቦታ ከፍሬኑ መያዣ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ለስላሳ ብረት ስለሆነ ጥርሱ አንዴ ከሄደ ወጪው የስፖኪዮ ብቻ አይሆንም።

ማራዘሚያው ክርኔን አስወጣልኝ። ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስደርስ መስታወቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከኋላዬ ያሉት መብራቶች ተዘርግተው ክር ይመስላሉ። ዘንግ ሲረዝም ይላላል፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ደግሞ በደቂቃ 6000 ሲዞር በሰከንድ 100 ጊዜ ነው የሚንቀጠቀጠው። መጀመሪያ የላላ ነገር ፈለግኩ። መስታወቱ ከዘንጉ ጋር የሚገናኝባት ኳስ መሳይ መገጣጠሚያ ላልታ ነበር፣ አጠበቅኳት፣ ትንሽ ተሻለው። ዋናው መፍትሔ ግን ክብደት ሆነ። ጎማ ባላንስ ሲደረግ ቸርኬ ላይ የሚለጠፉት ባለ 5 ግራም ቁራጮች አሉ አይደል? የስፖኪዮውን የጀርባ ሽፋን ከፍቼ ስድስት ስድስት ውስጡ ለጠፍኩ። ጭንቅላቱ ሲከብድ የሚንቀጠቀጥበት ፍጥነት ወደታች ይወርዳል። አሁን የሚደበዝዘው 40 ላይ ለአፍታ ነው፣ እሱን ደግሞ ቶሎ አልፈዋለሁ። በየሞተሩ ስለሚለያይ ሁለት ሁለት እየጨመራችሁ ሞክሩት።

ይህን ሁሉ ስነካካ ሌላ ነገር አገኘሁ። የቀኙ ስፖኪዮ ድሮ ተሰብሮ የተቀየረ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዤ ፊቴን ሳይ በግራው ፊቴ አነስ ብሎ ታየ፣ በቀኙ በልኩ። ግራው ጎበጥ ያለ፣ ቀኙ ዝርግ ነበር ማለት ነው። ጎባጣው ሰፊ ቦታ ያሳያል፣ ግን መኪናውን ከእውነቱ የራቀ ያስመስለዋል። ዓይን አንዱን ሊለምድ ይችላል፣ በአንድ መሪ ላይ ሁለት ዓይነት ርቀት መልመድ ግን ከባድ ነው። ከናንተ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚፈጥን መኪና በየሰከንዱ 8 ሜትር ይጠጋችኋል፣ ርቀቱን መሳት ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱንም ጎባጣ አደረግኳቸው።

ስፋቱን ግን አትርሱት። አሁን የሞተሬ ሰፊው ክፍል ስፖኪዮው ነው፣ በመኪኖች መካከል ሳልፍ የመጀመሪያ ሰሞን ሁለቴ ነክቻለሁ። ዝናብን በተመለከተ መስታወቱን በሳሙና በደንብ ከማጠብ የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

ሲያልቅ ጓደኛዬ እንደገና በኖራው መስመር ሄደ። ሁለት እርምጃ። ያችን ሁለት እርምጃ ምንም ስፖኪዮ አላጠፋልኝም፣ ሞተር ደግሞ እዛ ውስጥ በደንብ ይደበቃል። ስለዚህ መስመር ከመቀየሬ በፊት አገጬን ወደ ትከሻዬ አዙሬ ቀጥታ በዓይኔ አያለሁ። ለአፍታ ብቻ፣ ግን ሁልጊዜ።

በዛው ቀን የሱንም ስኩተር ለካን። ስድስት እርምጃ ወጣ። ምንም አልጨመርንበትም። ጃኬቱን አስለብሼ አስቀመጥኩት፣ ዳዶዋን አላልተን ዘንጉን አንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ አዞርነው፣ መስታወቱን ወደታች ነካ አደረግነው፣ ሦስት ሆነ።